የመሄድ ልምምድ

«አንቺ ልጅ…» አለች አክስቷ። ገና ሳትጨርስ ልብስ ሰፊዋ «አቤት!» ብላ ብድግ አለች። የያዘችው ሻይ ምንጣፉ ላይ ተደፋ።

«ኧረ ቀስ! ለወገቤ ትራስ ፈልጊልኝ ልልሽ ነው እንጂ ቤቱ አልተቃጠለም።»

ለቀስተኞቹ ፈገግ አሉ። ታላቅ እህቷ እታለም ከተቀበረች ወዲህ እንዲህ ሆናለች፤ ሰው በጠራት ቁጥር ትዘላለች። «ድንጋጤ ነው፤ እህት ማጣት ቀላል መሰለሽ?» አለች ጎረቤቷ ወደ አክስትየዋ ጠጋ ብላ። ድንጋጤ ብቻ ቢሆንማ በወደደች።

ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሁድ ዮጋ ማሠልጠኛው እኔው በመኪና አደርስሻለሁ። አባባን ወደ ቤቴ እወስደዋለሁ፤ ከሚስቴም ተነጋግረናል።»

«አልሄድም።»

«ጎማዬ፣ እታለም ስንት የለፋችበትን! ነፍሷ ደስ እንዲላት ሂጂ።»

«እውነቱን ነው» አለች አክስቷ። ሁሉም ሂጂ አሏት። አንድ ሰው እንኳ «አባትሽን ጥለሽ? አታፍሪም?» ቢላት ትንሽ አየር ባገኘች ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶላት መላወሻ አጣች።

«ጎማ» ያሏት በዮጋዋ፣ እንደ ጎማ ስለምትተጣጠፍ ነው። ስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ የጎበጠ ጀርባዋን ያቃናልኛል ብላ ጀምራው ሱስ ሆነባት። ወንበሩን ወደ ዳር እየገፉ በሚለማመዱበት አዳራሽ አስተማሪዋ አንድ ቀን፣ «ሰውነትሽ ታዞልሻል፤ ትንፋሽሽ ግን ገና ይቸኩላል። ይሄ ደግሞ መጥቶ በመመለስ አይሆንም» አለቻት። ሦስት ወር ማሠልጠኛው ውስጥ እያደሩ፣ ከንጋት ጀምሮ መማር ነው፤ ስልክ የለ፣ ወሬ የለ። አባቷ አልጋ ከያዘና አንደበቱ ከተዘጋ ወዲህ እሷ አንድ ሌሊት እንኳ ከቤት ውጭ አድራ አታውቅም።

እሺ ያሰኘቻት እታለም ናት። ነርስ ነበረች፤ ምንም ነገር አስቀድማ ካልሞከረችው አይሆንላትም። «እንለማመዳለን» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ሄደሻል። ጓዳ ቁጭ ብለሽ ትንፋሽሽን ተማሪ፤ አባባን ብቻዬን አገላብጠዋለሁ። ብጠራሽ እንዳትመጪ! እፈትንሻለሁ።»

ፈተነቻትም። «ነይ፣ አባባ ሳቀ!» ትላለች። «ነይ፣ እጄ ተቃጠለ!» ትላለች። ልብስ ሰፊዋ አንዴ ተታላ ስትሮጥ እታለም በር ላይ ቆማ በሳቅ ፈረሰች፤ «ፈተና ወደቅሽ!» ከዚያ በኋላ አልሮጠችም።

በልምምዱ የመጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። «ነይ እስቲ» አለች እታለም። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ጓዳ ዓይኗን ጨፍና የተቀመጠችው ታናሽ እህቷ ፈገግ አለች። አሁንስ አልሸወድም ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። ትንፋሿ እንደዚያ ቀን ሰክኖላት አያውቅም። ስትወጣ እታለም የአባባ አልጋ አጠገብ ወድቃ አገኘቻት። ልቧ ነው ተባለ።

«ትራሱን ላምጣ» ብላ ከለቀስተኞቹ መሀል ተነሳች። አባቷ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስታጥበውም ሆነ ስታጎርሰው ዓይኑን አይታ አታውቅም። እታለም ስትጣራ እዚሁ ተኝቶ ሰምቷል፤ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አይናገርም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አባባ፣ ስትጠራኝ ሰምቼ ነበር።» የብርድ ልብሱን ጠርዝ ያዘች። «ጨዋታ መስሎኝ። ሰምቼ ነው የቀረሁት።»

ሽማግሌው ትኩር ብሎ አያት። የሚታዘዝለትን አንድ እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣና ቀስ ብሎ ወደ ፊቷ ሰደደው። ሊመታኝ ነው ብላ ጠበቀች፤ ቢመታት ይቀላት ነበር። እጁ ጉንጯን አልፎ ሄደና ጆሮዋን ከደነው።

«አንቺ ልጅ! ትራሱስ?» አክስቷ ከሳሎን ተጣራች።

«አቤት» ልትል አፏን ከፈተች። እጁ ከጆሮዋ አልተነሳም። አክስቷ ደግማ ተጣራች። ልብስ ሰፊዋ ሳትመልስ ራሷን ወደ አባቷ መዳፍ ዘንበል አደረገች።