አባ ሚልኪያስ የዞሩት ወሰን

ከደብረ ታቦር የቅርስ ካርታ ልትሠራ የመጣችው ገነት፣ የጉና ጭቃ አንሸራተታትና ቁርጭምጭሚቷን ወለም አላት። የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ደግሞ ገና አልተለካም። የካርታ መሥሪያ ስልኳን የያዘ ሰው ወሰኑን ተከትሎ ከዞረ፣ የሄደበት ሁሉ በካርታው ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል።

«መዞር ከሆነ ለእኔ ተይው» አሉ የደብሩ ቄስ አባ ሚልኪያስ፤ «ቤተ ክርስቲያን ስዞር ነው ያረጀሁት።»

ስልኩን እንደ መስቀል ከፍ አድርገው ሄዱ። ሲመለሱ ገነት መስመሩን አይታ ደነገጠች። የቅርሱ ክልል ከፍርስራሹ ወጥቶ፣ አጠገቡ የምትኖረውን የጥሩወርቅን አጥር ጥሶ፣ ጓዳዋን አካልሎ ተመልሷል።

«አባ፣ እዚህ ምን ሊሠሩ ገቡ?»

«ይባርኩኝ አለችኛ! የሰው ደጅ ዝም ብየ ልለፍ? ደግሞ የገብስ ቆሎ ነበራት።»

ጥሩወርቅ ወሬውን ሰምታ እየሮጠች መጣች። ክረምቱን በሚያፈስ የሣር ቤት የገፋች ሴት ናት። የአዲሱ ጣራ ቆርቆሮ ተገዝቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ በቅርስ ክልል ውስጥ ደግሞ ጣራ መቀየር ክልክል ነው።

«አንች ልጅ፣ ጓዳየ ምኑ ነው ቅርስ?»

«እትዬ፣ መስመሩን በእጄ ማረም አልችልም። አባ እንደገና ይዙሩልን።»

አባ እንደገና ዞሩ። ጥሩወርቅ በሯን ዘግታ፣ ዱላ ይዛ ከአጥሩ ውስጥ ጠበቀቻቸው።

«አባ፣ ዛሬስ አይባርኩኝ። ይለፉኝ!»

«በረከት ይለፈኝ ያለ ሰው አይቼም አላውቅ!»

«ጣራየን ልሥራና እባረካለሁ። ይሂዱልኝ በማርያም!»

አባ ትንሽ ራመድ አሉ። ቆሙ።

«ቆሎውስ?»

«አመጣልዎታለሁ! ብቻ ይሂዱ!»

እግራቸው ግን እምቢ አለ። ስልኩን በግራ እጃቸው ወደ ውጭ አርቀው ያዙና፣ በቀኛቸው መስቀሉን በአጥሩ ላይ አሳልፈው ዘረጉት። ጥሩወርቅም አላስቻላትም፤ ዱላዋን ጥላ፣ በእግሯ ጣቶች ቆማ ተሳለመች። አባም ጸሎቱን ጀመሩ።

ገነት ስልኩን ተቀብላ አየች። ቤቱ ከክልሉ ወጥቷል። ደጁ ላይ ግን መስመሩ እንደ ተወሳሰበ ክር ተቋጥሯል።

«ይኼስ ምንድን ነው አባ?»

«የቆምሁበት ነዋ። ጣራ የሚወጣለት ቤት በአጭር ይባረካል እንዴ?»

ገነት ሳቋን ዋጥ አድርጋ መስመሩን ከነቋጠሮው አስቀመጠችው። ከአጥሩ ወዲያ ጥሩወርቅ፣ መሰላል ያለውን ጎረቤት እየተጣራች ነበር።