ቁጥር አስራ ስምንት፣ ተጠባባቂ በረኛ

1

በ1977 ዓ.ም. የፋብሪካችን ቡድን አስራ ስድስት ጊዜ ተጫወተ። ሁለቱን አሸነፈ። ሦስቱን እኩል ወጣ። የቀረውን ተሸነፈ። ድሬዳዋ ላይ ዝናብ አልነበረም፤ ደቻቱ ወንዝ አንድ ቀን እንኳ ውሃ አልወረደበትም። ጥጥ ስላልመጣ ፋብሪካው ከሦስት ፈረቃ ሁለቱን ዘጋ። ደሞዝ በግማሽ ሆነ። ዳቦ በቀበሌ ኩፖን ነበር። ሚያዝያ ላይ የአንደኛው በረኛ እጅ ተሰበረ። ተጠባባቂው ገባ። በመጀመሪያ ጨዋታው ሰባት ገባበት።

መሰብሰብ የጀመርኩት በዚያ ዓመት ነው።

2

የሰበሰብኩት ይህን ነው።

ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ፎቶ አንሺ ከዚራ ሰፈር ሱቅ ነበረው። የቡድኑን አስራ ስምንት ተጫዋቾች አንድ በአንድ አቁሞ አነሳቸው። የመታወቂያ ፎቶ እጥፍ በሚሆን ወፍራም ወረቀት አተመ። ከሥር ቁጥርና ስም በቀይ ቀለም ጻፈ። እሁድ እሁድ ሜዳው በር ላይ ካርቶን ዘርግቶ ይደረድራቸዋል። እኛ ካርድ እንላቸው ነበር። አንዱ በስሙኒ። ስሙኒ ያኔ ሁለት ዳቦ ነው።

3

ደንቤ፦

በየደሞዙ፣ ማለት በየአስራ አምስት ቀኑ፣ አንድ ካርድ። ከአንድ አይበልጥም።

ሲጋራ ቀርቷል። ካርዱ በሲጋራው ፋንታ ነው።

መጀመሪያ የሚፈለጉት ይገዛሉ፤ አምበሉ፣ አጥቂዎቹ። ቶሎ ያልቃሉ።

ማንም የማይፈልገው ለመጨረሻ ይቆያል። የትም አይሄድም።

አራተኛው ደንብ ነው የጎዳኝ። እኔን ብቻ ቢጎዳ ይህን አልጽፍም ነበር።

4

አስካለ ሚስቴ ናት። ሦስተኛውን ካርድ ይዤ የገባሁ ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አየችው።

«አቦ ሞገስ፣ ይኼ ሰውዬ ለቤታችን ምን ያመጣል?»

«ምንም።»

«ጎልም አያመጣም እኮ።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሳቄን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ልማዴ ነበር።

5

ደብተር ገዛሁ። ለአንድ ካርድ አንድ ገጽ፣ ከአንድ እስከ አስራ ስምንት። ይህንንም ጽሑፍ እንደዚያው በቁጥር ከፍዬዋለሁ፤ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም፣ ሌላ አደራደር አላውቅም። ካርድ ያልተገኘለት ገጽ ላይ በእርሳስ «የለም» እጽፍ ነበር። እዚህም እጽፋለሁ።

የምለጥፈው በስታርች ነው። ሥራዬ እሱ ነበር። ክር ወደ ሽመና ማሽኑ ከመግባቱ በፊት እንዳይበጠስ በፈላ ስታርች ውስጥ ያልፋል። ከትርፉ በጣሳ ትንሽ ይዤ እወጣለሁ። ሲደርቅ ከድንጋይ አይለይም።

አንባቢ ሆይ፣ ስታርቹን አትርሳ።

18

የለም።

6

ከኅዳር እስከ ሐምሌ አስራ ሰባት ሞላ። አስራ አምስቱን ገዛሁ። ሁለቱን የእጅ ሰዓቴን ማሰሪያ ሰጥቼ ከአንድ ዘበኛ ወሰድኩ። ሰዓቱን ከዚያ ወዲህ በኪሴ ነው የያዝኩት። ሰው ሰዓት ሲጠይቀኝ ኪሴን ስዳብስ ያልፍና ይሄዳል።

7

«ሙሴ፣ አስራ ስምንት የት አለ?»

«አልቋል።»

«ተጠባባቂው በረኛ? ማን ገዛው?»

«ራሱ። አንድ ነው ያተምኩት፣ ለሙከራ። ዘጠኝ ወር እዚህ ካርቶን ላይ ፀሐይ መታው። አንተም በየእሁዱ እያየህ አለፍከው።»

«ፊልሙ ካለ ለእኔ አንድ አትም።»

«ለአንድ ስሙኒ ጨለማ ክፍል አልገባም። አስር ግዛ፣ እገባለሁ።»

አስር ስሙኒ ነበረኝ። ደንብም ነበረኝ። በየደሞዙ አንድ። «አስቤ እመጣለሁ» አልኩት። መስከረም ላይ ሱቁን ዘግቶ አገሩ ገባ። ፊልሞቹን ማን እንደጣላቸው አላውቅም።

18

የለም።

8

የተጠባባቂው በረኛ ስም ንጋቱ ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመቱ። እዚያው ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ይሠራል። ጆሮው ትልልቅ ነው፤ ካርዱ ላይም ከሁሉ በፊት የሚታየው ጆሮው ነው። ሰባት ከገባበት ወዲህ ሠራተኛው «ሰባቱ» ብሎ ይጠራው ጀመር። «ሰባቱ፣ በሩን ዝጋ፣ ነፋስ ገባ» ይሉታል። እሱም እየሳቀ ሄዶ ይዘጋል።

ለእናቱ አንድ ልጅ ነው። እናቱን እትዬ ጥሩወርቅን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ነምበር ዋን ሰፈር ነው ቤታቸው። ሜዳ መጥተው አያውቁም። ልጄ ሲመታ ማየት አልፈልግም ይሉ ነበር። ካርዱን የገዛው ለእሳቸው ነው። ያለ ኳስ በቆምኩበት ትየኝ ብሎ።

9

በቃል እንደማስታውሰው፦

እኔ፦ ያንን ካርድ አሳየኝ እስቲ።

ንጋቱ፦ ጋሽ ሞገስ፣ አንተም ልትስቅብኝ ነው?

እኔ፦ ደብተሬ ላይ አንተ ብቻ ቀረህ። ለአንድ ሳምንት አውሰኝ። ለሰው ላሳየውና እመልሳለሁ።

ንጋቱ፦ አቦ፣ እኔንም የሚሰበስብ አለ?

እኔ፦ አለ።

ንጋቱ፦ (ከኪሱ እያወጣ) ለእማ ልሰጣት ነበር። ጀርባው ላይ ጽፌበታለሁ። እሁድ ትመልስልኛለህ?

እኔ፦ እሁድ።

10

ለጠፍኩት።

11

የመጀመሪያው እሁድ፦ ረሳሁት አልኩ።

ሁለተኛው እሁድ፦ አስካለ ቆልፋበት ወጥታለች አልኩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ፣ ከሰዓቱ ጋር ነበር።

ሦስተኛው እሁድ፦ በሌላው በር ወጣሁ።

አራተኛው እሁድ ፊት ለፊት ተገናኘን። «ተለጥፏል» አልኩት። «በስታርች ነው። ከተነሳ ይቀደዳል።»

ንጋቱ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ረዘም አድርጎ አየኝ።

«በቃ እሺ» አለ። «አንተ ጋ ይቀመጥ። ትንሽ ቆይቼ እናቴን ይዤ እመጣለሁ፣ እቤትህ ታየኛለች።»

አልመጡም።

12

ሳይጻፍ ሊቀር የነበረ ማስታወሻ፦

ከእኛ ክፍል ቀጥሎ ሌላ ክፍል ነበር። ጨርቁ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ስታርቹ ከላዩ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ቀለም አይቀበልም። ስለዚህ በትልቅ ገንዳ ለብ ያለ ውሃ ይሞላል። ብቅል ይጨመርበታል፤ ጠላ የሚጠመቅበት ብቅል። ጨርቁ ይዘፈዘፋል። ስታርቹ ሟሙቶ ይወጣል። በየቀኑ ምሳ ልበላ የምወጣው በዚያ ገንዳ አጠገብ አልፌ ነው።

ይቀደዳል ስለው እንደማይቀደድ አውቅ ነበር።

ንጋቱም እዚያው ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

13

በ1978 ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። በ1980 መርዶው መጣ። ሰሜን ነው፤ ቦታውን እንኳ አልነገሯቸውም።

ለቅሶው ነምበር ዋን፣ ድንኳን ውስጥ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ደረት እየመቱ ሲዞሩ በእጃቸው የሚይዙት ፎቶ አልነበረም። መታወቂያው ከእሱ ጋር ሄዷል። በቡድኑ የጋራ ፎቶ ላይ ከትከሻ ጀርባ ቆሞ አንድ ጆሮው ብቻ ይታያል። አንድ ሽማግሌ ተነስተው «ፎቶውን የያዘ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ።

ደብተሩ ቤቴ ነው። በእግር አስራ አምስት ደቂቃ።

ብሰጥ «እስከ ዛሬ ለምን ያዝከው?» እባላለሁ። አንድ ገጽም ባዶ ይቀራል። ከሁለቱ የትኛው እንደከበደኝ ዛሬም ለይቼ አላውቅም።

ንፍሮ አቀረቡልኝ።

በላሁ።

14

ቤት ስንገባ አስካለ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆማ፣ «የሰው ልጅ ለጥፈህ ነው የምትኖረው» አለችኝ።

ሌላ አልጨመረችም። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ደግማ አላነሳችውም። ደብተሩ ያለበትን መሳቢያም አልከፈተችም። ቤት ስታጸዳ እሱን መሳቢያ አልፋ ትወለውላለች።

15

እትዬ ጥሩወርቅ ፎቶ ሲያጡ ለአንድ ማስታወቂያ ጻፊ የልጃቸውን መልክ በቃል ነገሩት፤ እሱም ሳለው። ሰፊ ትከሻ ሠራለት። ሪዝ ሠራለት። የወታደር ልብስ አለበሰው። ጆሮውን ትንሽ አደረገው። ግድግዳቸው ላይ ተሰቀለ። በሙት ዓመቱ ሄጄ አየሁት። ንጋቱን በምንም አይመስልም።

በ2009 አንድ የድሮ ፎቶ የሚገዛ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ ደብተሬን ገለጠ። እስከ መጨረሻው ገጽ ገለጠ። «ሙሉ ነው» አለ። ያን ቃል ከሰው አፍ ለመስማት ሠላሳ ሁለት ዓመት ጠብቄአለሁ። ለአንድ ዓመት ጡረታዬ የሚጠጋ ብር ጠራልኝ። አልሸጥሁም። ሲወጣ ቃሉን ለራሴ ደገምኩት። ጣዕም አልነበረውም።

አስካለ አምና ሞተች። ፎቶዋን ይዤ ዞርኩ። በዚያ ቀን እጄ ባዶ አልነበረም።

16

እንዲህ ታደርጋለህ፦

ገጹን ከደብተሩ ቁረጥ። ሰፌድ በሚያህል ሳህን ውሃ አምጣ። ለብ አድርገው፤ ጣትህ ሙቀትም ቅዝቃዜም እንዳይሰማው። አንድ እፍኝ ብቅል አድቅቀህ ጨምር። ገጹን ፊቱን ወደ ላይ አድርገህ አስተኛው።

አትንካው።

ጫፉ ሲነሳ ታያለህ። አትጎትት። አርባ ዓመት ያልቸኮልክ ሰው አሁን አትቸኩል።

ጠብቅ።



ጠብቅ።



በራሱ ይንሳፈፋል።

ቀይ ቀለሙ ትንሽ ለቀቀ። ጀርባው በእርሳስ ስለነበር አልለቀቀም። ምንም አልተቀደደም። ከምሳ በኋላ ጀምሬ ፀሐይ ሳትገባ አለቀ።

17

ነምበር ዋን፣ ያው ቤት። እትዬ ጥሩወርቅ ሰማንያ ሞልቷቸዋል። በር አጠገብ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ሪዛሙ ሥዕል ከበላያቸው ነው።

እትዬ፦ ማነህ?

እኔ፦ ሞገስ ነኝ፣ የፋብሪካው።

እትዬ፦ የአስካለ ባል። ግባ። ነፍስ ይማር፤ ለቀብሯ እግሬ አላደረሰኝም። ሽርጥ ለብሰህ ነው የምትዞረው? ሚስት የሌለው ሰው መሰልክ።

እኔ፦ ይህን ላደርስ ነው የመጣሁት።

ተቀበሉኝ። አቀረቡት። አራቁት። ወደ በሩ ብርሃን ዞሩ።

እትዬ፦ ጆሮው።

እኔ፦ አዎ።

እትዬ፦ ጆሮውን ረስቼው ነበር። ሕፃን ነው እኮ።

እኔ፦ አስራ ዘጠኝ ነበር።

እትዬ፦ እኔ ትልቅ ሰው አድርጌ ነው ያለቀስኩለት። (ሥዕሉን ቀና ብለው አዩ) ይኼ ሰውዬ ማነው ታዲያ?

ካርዱን ገለበጡት።

እትዬ፦ ጽሑፍ አለው። ዓይኔ አይለይም። ምን ይላል?

አነበብኩላቸው። «ለእማ። ንጋቱ። ጓንቱን ራሴ ሰፋሁት። የሚያምረው ግራው ነው።»

እንደገና ገልብጠው ግራ እጁን ፈለጉ። በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳበሱት። ከዚያ ነጠላቸውን ጠቅልለው ካርዱን እውስጡ አስገቡት፤ እጃቸውንም አብረው። በዚህ ዕዳዬ ተከፈለ። ደብተሩ አስራ ሰባት ሆነ።

ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

18

እትዬ፦ ሞገስ፣ ይኼ ሁሉ ዘመን የት ነበረ?

እኔ፦ እኔ ጋ።