ያልተለካው ሐሙስ

«ከነቦቲያቸው ተሸክሜ ነው ያወጣኋቸው» አለ ጀልባ ቀዛፊው፣ የሰጡትን ሻይ ሳይቀምስ። «ውሃ እንኳ አልነካቸውም። ጀልባው ላይ እንደተቀመጡ ልባቸው ቀጥ አለ።»

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነበር። የሟቿ ፕሮፌሰር ታላቅ እህት ዓይናቸውን ጠረጉ። «በዚያ ማለዳ ሐይቅ ድረስ ምን አስኬዳት?»

«ተማሪያቸው ናት። ውሃው ከታች ኦክስጅን እንዳነሰው ጽፋላቸው ነበር። ዓሣው ሊታፈን ነው ብለው ተጣደፉ። ግን ደስም ብሏቸው ነበር። ቆጣሪዋ ከእኔ ቀድማ አየችው እያሉ መንገዱን ጨረሱት።»

በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ቆጣሪዋ አንገቷን ደፋች።

ስሙን ያወጡላት ፕሮፌሰሯ ናቸው። እናቷ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ ናት፤ ልጅቷም የኋላውን ወንበር የሙጥኝ ብላ፣ ድምፅዋ ሳይሰማ ሁለት ዓመት ከረመች። ፕሮፌሰሯ ደግሞ የሐይቅ ምርምር የሚያሠሯቸውን የሚመርጡት ከኋላ ወንበር ነበር። «የፊቶቹማ ፈላጊ አያጡም» ይሉ ነበር። ማይክሮስኮፕ ፊት አስቀምጠው አንዲት የውሃ ጠብታ ውስጥ የሚርመሰመሱትን ጥቃቅን ነፍሳት አስቆጠሯት። እሳቸው አርባ አንድ ሲሉ እሷ አርባ ሦስት አለች። ደግመው ቆጠሩና ሳቁ።

«ሐይቁ የማን ልጅ ነሽ አይልሽም» አሏት። «ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ።»

ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ የሐይቁን ኦክስጅን ለክቶ መዝገብ ላይ ማስፈር የእሷ ሥራ ሆነ። ባለፈው ሐሙስ ግን ዘነበ። ልጅቷም ብርድ ልብሷን ተከናንባ፣ ከአልጋዋ ሳትወርድ መዝገቡ ላይ ጻፈች፦ ሁለት ነጥብ አንድ። ለምን ያን ቁጥር እንደመረጠች ዛሬም አታውቀውም። ፕሮፌሰሯ ዓርብ መዝገቡን አዩ፤ ቅዳሜ ማለዳ ሞቱ።

ከዚያ ወዲህ ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ከጀርባዋ እርጥብ ቦቲ ሲራመድ ይሰማታል። ዞር ስትል ማንም የለም። እንዲያም ሆኖ ከቧንቧው አልራቀችም። ሻይ ጠጪው በበዛ ቁጥር ብርጭቆውን ሰብስባ ወደ ማድ ቤት ትገባለች።

እህትየው ተከትለዋት ገቡ። «ተይው ልጄ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ብርጭቆ አጠብሽ።»

«እትዬ፣ ሐሙስ ሐይቁ አልሄድኩም። ቁጥሩን ከራሴ ነው የጻፍኩት።»

እህትየው ግድግዳውን ተደገፉ። ቧንቧው እየፈሰሰ ነበር፤ ማናቸውም አልዘጉትም።

«እህቴ ታውቅ ነበር?»

«አያውቁም ነበር። አምነውኝ ነው የሄዱት።»

«ልቧን ከታመመች ቆይታለች» አሉ እህትየው። «ግን ምንም አይደለም ብዬ አልዋሽሽም። አሁን አልችልም። ነገ ሄደሽ ለትምህርት ክፍሉ ተናገሪ።»

በማግስቱ ተናገረች። ለአንድ ሴሚስተር ከምርምሩ አገዷት።

ሐሙስ ማንም ሳያዛት ሐይቁ ዳር ደረሰች። ቀዛፊው አየት አደረጋትና መቅዘፊያውን አነሳ። መለኪያውን ቀስ አድርጋ ወደ ታች ሰደደች፣ ጠበቀች፣ አነበበች። ሰባት ነጥብ ስድስት። ውሃው ደህና ነበር፤ ዓሣውም ደህና ነበር።

«እንመለስ?» አላት ቀዛፊው።

«እንመለስ።»

ከኋላ ያለው መቀመጫ ለሁለት ሰው ይበቃል። ልጅቷ ወደ ጫፉ ተጠግታ፣ ጉልበቷን ሰብስባ፣ ለሌላ ሰው የሚሆን ቦታ ትታ ተቀመጠች።