ዘይቱን ማን ጨመረ?

ወንድሜን አልወደውም። ይህን ለመናገር ማንንም አልፈራም። አባታችን አፈር በገባበት ቀን ጌታው ወንድሜ ሰው በጀልባ አሻግሬ እመጣለሁ ብሎ የደረሰው ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሆድና ጀርባ ሆነን፣ ባንድ ጀልባና ባንድ አሮጌ ሞተር ተራ በተራ ሰው እናሻግራለን። አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሱ። መነጋገር ካስፈለገን በእናታችን በኩል ነው።

ያን ቀን ጠዋት ግን ሦስታችንም መጋዘኑ ውስጥ ነበርን። ሦስት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪው መጥቶ ሞተሩን ያያል፤ ካላለፈ የማሻገሪያ ፈቃዳችን አይታደስም። ያለ ፈቃድ ደግሞ የምንበላው የለንም።

ሞተሩን ውሃ በሞላው በርሜል አፍ ላይ አስሬ የማስነሻ ገመዱን ሳብኩ። አሳለው፣ ጨሰና ጠፋ። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈታሁ። ሁለቱም ጠቁረው በዘይት ርሰዋል። ደሜ ፈላ።

“እማዬ፣ ልጅሽን ጠይቂው፤ ዘይቱን በባልዲ ነው እንዴ የሚጨምረው?”

እናቴ በመሃላችን በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ዞር ብላ፣ “በባልዲ ነው ወይ ትላለች” አለችው።

“ለልጅሽ ንገሪያት” አለ፣ የጀልባውን ወለል እየፈተገ። “አባዬ እንዳስተማረኝ ነው፤ ለሃያ አምስት ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር። እሷ ዘይት ቀላቅላ ሞልታ ያሳደረችውን ጄሪካን አምኜ አልነሳም፣ ጠዋት የራሴን እጨምርበታለሁ።”

እጄ ካንዴላው ላይ ቀረ። እኔም እኮ እሱ ቀላቅሎ ያሳደረውን አምኜ አላውቅም፤ ጠዋት ጠዋት በላዩ አንድ ሊትር እጨምራለሁ። ምስኪን ሞተር፣ ሁለት ዓመት እጥፍ ዘይት ሲጠጣ ኖሯል። አፌን ከፍቼ “እኔም” ማለት ነበረብኝ። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ ዋጥኩት።

የድሮውን ቤንዚን ደፋሁ። ካንዴላዎቹን በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁ፣ የካርቡራቶሩን ጽዋ አጠብኩ። እሱ ሄዶ ንጹህ ቤንዚን አመጣና ጄሪካኑን ሞላ። የዘይቱ ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ ነው። አየሁት፤ አልነካሁትም። እጨምራለሁ ያለው እሱ አይደል? እሱው ይጨምር! በኋላ አበዛች እንድባል? ዘይት ገብቶበት እንደሆነ የጄሪካኑን ክዳን ከፍቼ ማሽተት እንኳ እችል ነበር። አላሸተትኩም።

ተቆጣጣሪው በሰዓቱ ደረሰ። ሞተሩ ገመዱን አንዴ ስስበው ተነሳ። በጎኑ የሚተፋው የማቀዝቀዣ ውሃ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ጭሱ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ጭሱ መጥፋቱ ጭራሽ አኮራኝ። እኔ ደንቆሮ!

“ውሃው መሃል ድረስ በሙሉ ጉልበቱ ልየው” አለ ተቆጣጣሪው። ጀልባው ላይ አስረን ገባን። እናቴም ገባች፤ ያለ እሷ በምን አፋችን?

መሃል ስንደርስ ድምፁ ቀጠነ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ባንዴ ቀጥ አለ። ገመዱን ሳብኩ። ንቅንቅ የለም። ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቋል።

“ዘይት አልጨመርክም?” ብዬ ጮህኩበት።

“አንቺ አልጨመርሽም እንዴ? አበዛህ ስትይኝ ላንቺ ተውኩት እንጂ!”

ተቆጣጣሪው መዝገቡ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። “አይታደስም” አለ፣ ቀና ሳይል። መቅዘፊያችን አንድ ብቻ ነው። እኔም እሱም እኩል ያዝነው፣ ማናችንም አንለቅም።

እናቴ እሱን አየች፣ እኔን አየች።

“እሰይ፣ ይኸው ተነጋገራችሁ” አለች። “በሉ አሁን ንገሩኝ፤ ነገ ምን እንበላለን?”