የኤቦ መዳፍ

አራባ እናቷን ደግፋ የኮረብታውን መንገድ ስትወጣ አሮጊቷ በየመካከሉ ቆም እያለች ትተነፍስ ነበር። ዝናብ የቦረቦረው መንገድ በአዲስ የሲሚንቶ ስብርባሪ ተሞልቶ ተደልድሏል።

«እማ፣ ትንሽ ነው የቀረን።»

«ትንሽ ትንሽ እያልሽ ገደልሽኝ። ደግሞ ይሄ ልብሳችሁ! ሁላችሁም አንድ መጋረጃ የተካፈላችሁ ነው የምትመስሉት።»

አራባ ሳቀች። ልብሱ እሷና አብረዋት ትምህርት የጨረሱት ለበዓሉ ያሳተሙት ጨርቅ ነው። በኬፕ ኮስት ከተማ አካባቢ፣ ከጨረሱ ሃያ አምስት ዓመት የሞላቸው ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸውን የዓመት በዓል ያስተናግዳሉ፤ ከቀደሟቸው የሚበልጥ ስጦታ ካላመጡ ግን መሳቂያ ይሆናሉ። ያለፈው ዓመት ተረኞች የመመገቢያ አዳራሹን ቀለም አስቀቡ። የአራባ ጓደኞች ደግሞ ትምህርት ቤቱ ወደ አስፋልቱ ዳር ከመውረዱ በፊት የነበረበትን አሮጌ ሕንፃ ለማደስ ተነሡ። እሷም በስልክ «እግዜር ይባርካችሁ» ብላ ጽፋላቸዋለች።

ለእሷ ሕንፃው ማለት አንድ ግድግዳ ነበር። እዚያ የተማሩት የመጨረሻዎቹ ተመራቂዎች የኋለኛውን ክፍል ግድግዳ በሲሚንቶ ለስነው፣ ሳይደርቅ መዳፋቸውን አትመውበት ሄዱ። ታላቅ ወንድሟ ኤቦ አንዱ ነበር። በዚያው የዕረፍት ወር በአጎቱ ታንኳ ባሕር ወጣ፤ አልተመለሰም። ሬሳው ስላልተገኘ መቃብር የለውም። እናቱ «ይመጣል» እያለች እዚህ ሳትረግጥ ኖረች። ዘንድሮ፣ ዓይኗ ከደከመ በኋላ፣ «ውሰጂኝ፤ እጁን ልንካው» አለች።

የቡድኑ ሊቀ መንበር ፊፊ የኋለኛው ክፍል በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

«ነርሷ! እስካሁን መርፌ እየወጋሽ ነው? ነይ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ!»

«አትቀልድ፣ መጀመሪያ እማን ላስገባት።»

«እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ። ዛሬ ይኮራሉ! የአምናዎቹ ይሄን ሲያዩ የሚጎርሱት ኬንኬ ጉሮሯቸው ላይ ነው የሚቀረው!»

በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

አራባ ክው አለች። አራቱም ግድግዳዎች ከወለል እስከ ጣሪያ ነጭ ሴራሚክ ለብሰው ያብለጨልጫሉ። የራሷ የደነገጠ ፊት ከሴራሚኩ ላይ መልሶ አያት።

«ፊፊ... መዳፎቹስ?»

«የቱ መዳፎች?» አለ፤ ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ከሥሩ አሉ አይደል? በላያቸው ነው የለጠፋችሁት፣ አይደል?»

«ሴራሚኩ እንዲይዝ ልስኑ መፈልፈል ነበረበት። አራባ፣ እኔ... ያረጀ ግድግዳ ነው ያልኩት። ከእነሱ እንድንበልጥ ብቻ ነበር የማስበው።»

እናቷ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ «የት ጋ ነው?» አለች።

አራባ የእናቷን እጅ ይዛ የኤቦ መዳፍ የነበረበት ቦታ ላይ አሳረፈችው። አሮጊቷ ጥቂት ዳበሰችና እሳት እንደነካው ሰው እጇን ሰበሰበች።

«ይሄማ ሳህን ነው።»

«ፍርስራሹን የት ደፋችሁት?» ብላ ጮኸች አራባ።

ፊፊ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ብቻ አየ።

«መንገዱን... መንገዱን ደለደልንበት» አለ።

«ልጄን ረግጬው ነው የመጣሁት?» አለች እናቷ።

ማንም ሳይዛት፣ ግድግዳ ግድግዳውን ተደግፋ ወጣች። መንገዱ መሐል ቁጭ ብላ ስብርባሪውን እያነሣች በጣቷ መዳበስ ጀመረች፤ ሸካራውን ትጥላለች፣ ለስላሳውን ታስቀራለች። ከታች የእንግዶቹ መኪናዎች ደርሰው ጡሩምባ ነፉ። ፊፊ ሮጦ ሄዶ ከፊተኛው መኪና ፊት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

አራባ በአዲስ ልብሷ ከእናቷ ጎን ተንበረከከች።

«ይሄ አውራ ጣቱ አይደለም? እይልኝ እስቲ።»

አራባ ቁራጩን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። መሐሉ ጎድጉዷል። በጣት ይሁን በመዶሻ ልትለይ አልቻለችም።

«እንጃ፣ እማ» አለችና ጉያዋ ውስጥ አስቀመጠችው።