የአገርነሽ እንሰት

አገርነሽ ባለጀልባውን ዘላለምን አግብታ ከቤሌ ገጠር ወደ አባያ ሐይቅ የወረደች ዕለት፣ አባቷ አቶ ጦና ከጓሮ አንዲት እንሰት መርጠው፣ "ይቺን አንቺ መጥተሽ ካልፋቅሻት ማንም አይነካትም" አሏት። እሷም "ለመስቀል እመጣለሁ አባ" አለች። የትኛው መስቀል እንደሆነ ግን አልተናገረችም! የጀልባ ኑሮ መቼ ፋታ ይሰጣል? ሙዝ ሲጫን፣ ሰው ሲሻገር፣ ሞተር ሲበላሽ፣ በመሃል ብሩክታይት ስትወለድ፣ መስቀሉ እየመጣ ሄደ። በስልክ ግን አንዲት ጥያቄ አትረሳም።

"አባ፣ እንሰቴስ?"

"አለች፤ ትጠብቅሻለች።"

ዘንድሮ በሁምቦ በኩል ጭነት አራግፈው ሲያበቁ፣ ጀልባዋ ላይ ቁጭ እንዳለች፣ "እኔ አባቴን ሳላይ፣ እንሰቴን ሳልፍቅ ወደዚህ ውሃ አልመለስም። ጀልባህን ከነሙዝህ ያዝ!" አለችው። ዘላለም ሚስቱን ይወዳል፤ ይፈራታልም። "እሺ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ግን! ሰኞ ጭነት አለብን" ብሎ ጀልባዋን ለጓደኛው ለአማረ አደራ ሰጠ።

ከተበላ ከተማ በሚኒባስ ወደ ሶዶ፣ ከሶዶ በአውቶቡስ ወደ ቤሌ። ብሩክታይት የሐይቅ ልጅ አይደለች፣ አውቶቡሱ ጠመዝማዛው ላይ ሲያወዛውዛት "እማዬ፣ ማዕበል መጣ!" ብላ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀች። አገርነሽ ግን ሳቁን የት ሰምታው! መስኮቱ ላይ ተለጥፋ በየጓሮው የቆመውን እንሰት ታያለች። እሷ ስትፍቅ፣ አባቷ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጠው "እጅሽ ዓሣ ዓሣ ይሸታል" እያሉ ሲያሾፉባት ይታያታል።

አቶ ጦና ከሩቅ ሲያዩዋት ከዘራቸውን ጥለው መጡ። አቅፈው ሳሟት፣ የልጅ ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙ። አማቻቸውን "ባለጀልባው፣ ደህና ነህ?" አሉት፤ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። "ኧረ አረፍ በሉ" ሲሉ እሷ እቴ፣ በቀጥታ ወደ ጓሮ!

እንሰቷ ደርቃ፣ ጠቁራ፣ በባላ ተደግፋ ቆማለች።

"አባ! ምን ነካት?"

"አበበቻ፣ አምና።"

እንሰት አንዴ አብቦ በጊዜው ካልተፋቀ መሞቱን አገርነሽ ሳይነገራት ታውቃለች።

"የጎረቤት ሴቶች 'ሳትበሰብስ እንፋቃት' ብለውኝ ነበር። እንዴት አድርጌ? ነገ ብትመጪስ?"

"ታዲያ በስልክ ለምን አለች ይሉኛል?"

"ሞታለች ብልሽ ምን ብለሽ ትመጫለሽ?"

አገርነሽ የደረቀውን ግንድ ይዛ አለቀሰች።

ማታ ዶሮ ቀረበ። አገርነሽ ግን እጇን ሰበሰበች። "ምነው ታዲያ በእንሰት ፈንታ በግ ቢያቆዩልኝ ኖሮ? ጎረቤት ያረባልዎት ነበር" አለች።

አቶ ጦና ሳቁ። "በግማ በአንድ ቀን ተበልቶ ያልቃል። እንሰት ግን ተፍቆ፣ ጉድጓድ ገብቶ፣ ቆጮው እስኪደርስ ስንት ሳምንት አለ! እሱ እስኪደርስ ልጄ የትም አትሄድም ብዬ ነው እንጂ፣ እኔ ቆጮ መች አጣሁ?"



እሁድ ጠዋት ዘላለም ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ "አገርነሽ! አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው!" ብሎ ተጣራ። መልስ የለም። ጓሮ ቢሄድ ሌላ ትልቅ እንሰት ገንድሳ፣ ቀሚሷን ሰብስባ መፋቂያ ሳንቃው ፊት ተቀምጣለች። አባቷ በርጩማቸውን አምጥተው አጠገቧ ናቸው። ብሩክታይት ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ተቀምጣ ትቀዝፋለች።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"እየፋቅኩ ነዋ።"

"ሰኞስ?"

"ለሰኞው አንተ ሂድ። እኔና ልጄ ቆጮው ሲደርስ እንመጣለን። አንተም ትናፍቀኛለህ፣ ዘሌ። ግን አባቴ ብዙ ጠበቀኝ።"

ከመንገዱ የአውቶቡሱ ክላክስ ተሰማ። ዘላለም ወደ መንገዱ አየ፣ ሚስቱን አየ። "አይ አንቺ ሴት!" አለና ቦርሳውን አውርዶ መቆፈሪያውን አነሳ። "ጉድጓዱ የት ይሁን?"

አቶ ጦና በከዘራቸው አሳዩት። አውቶቡሱ አለፈ፤ እሱ ይቆፍራል። እስከ ጉልበቱ ሲደርስ ቀና ብሎ ላቡን ጠረገ።

"ይበቃል?"

አቶ ጦና ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን አዩት፤ ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

"ትንሽ ጠለቅ አድርገው፣ ልጄ" አሉት።