የጥዱ መስቀል

ሄልሚ ከባሏ ከኤቫልድ ሬሳ አጠገብ እንደተቀመጠች ውጭ ቢላ ሲሳል ሰማች። የሟቹ ታናሽ ወንድም አርኖልድ ነው። በደቡብ ኢስቶኒያ ወግ፣ ቀብር ሲኬድ መንገድ ላይ ቆም ተብሎ ጥድ ላይ መስቀል ይቀረጻል። ነፍስ ቤቷ ናፍቋት ስትመጣ መስቀሉን ታያለች፣ መሞቷ ትዝ ይላትና ወደ መቃብሯ ትመለሳለች።

ቡና በጥቁር ዳቦ የቀረበላቸው ጎረቤቶች ያንሾካሽካሉ። ኤቫልድ ስንት መጽሐፍ ሲጽፍ ኖሮ፣ እግዚአብሔር አለ ወይም የለም ሳይል ሞተ፤ እንዲህ ያለው ሰው መስቀል ካልተቀረጸለት ሲንከራተት ይኖራል ይላሉ።

እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ፈረሱን ጋሪው ላይ የሚጠምድላት ኤቫልድ ነበር። ስትመለስ ቄሱ ምን እንደሰበኩ ይጠይቃትና፣ ይሄን ደግሞ በምን አወቁ ይላል። ትናደድ ነበር። ማታ ስትጸልይ ግን ብዕሩን ያስቀምጣል፤ እስክትጨርስ ወረቀት እንኳ አይገልጥም። አንድ ቀን፣ አንተስ ምን ታምናለህ ብትለው፣ "እኔንጃ። ተሳስቼ ብገኝ ግን ደስ ይለኛል" አላት።

እናቱ የተቀበሩ ለታ፣ መስቀሉ ሲቀረጽ፣ እናቴ ይሄን ማየት ከቻለች አልሞተችም፤ ካልሞተች ለምን እናባርራታለን ብሎ ሰዉን አሳቀ። አርኖልድ ተቀይሞት እስከ ጸደይ አላናገረውም።

በነጋታው የኤቫልድን ሬሳ የጫነው ጋሪ ጥዱ ጋ ቆመ። አርኖልድ ቢላውን ሲያወጣ ሄልሚ እጁን ያዘችው።

"ተው፣ አትቅረጽ።"

"እትዬ ሄልሚ፣ ሰው ምን ይለናል? ደግሞ አንቺ አማኝ ነሽ፤ ሲያሾፍ የኖረው እሱ።"

"ሰው የፈለገውን ይበል። ቢመጣስ? እዚያ ቤት ብቻዬን የማድረው እኔ ነኝ።"

አርኖልድ ጥዱን አየ፤ እሷን አየ። ቢላውን ሰገባው ውስጥ መለሰ።

"ከመጣ እንግዲህ ክርክሩን አንቺው ቻይው" አለና ወደ ጋሪው ተመለሰ።

ከቀብር መልስ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ሲመሽ ተበተነ። ሄልሚ ሳህኖቹን አጠበች፣ ጸለየች። የሱ ጥርጣሬ እውነት ከሆነ የሚመለስ የለም። እሷ እንደምታምነው ከሆነም ጌታ ዘንድ ነው፤ ምን ሊሠራ ይመጣል? ይሄን አጥታው አይደለም።

በሩ ጋ ሄደች። ከውጭ የበረዶው ቅዝቃዜ በስንጥቁ ይገባል። መቀርቀሪያውን ይዛ ትንሽ ቆየች፤ ሳትቀረቅረው ተመልሳ አልጋው ላይ በራሷ በኩል ጋደም አለች።